ዶርሲ የሚተኛበት ግዛት

ዶርሲ ላውሆርን ስልሳ ስምንት ዓመት ሲኖር የት እንደሚተኛ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የሚጠየቅበት ምክንያትም የለም። አያቱ በሠሩት ቤት፣ አባቱ በሞቱበት አልጋ፣ ከሚስቱ ከኦሊታ ጎን ይተኛል። ቤቱ ያለው ቴኔሲ ውስጥ፣ ተራራው ወደ ኬንታኪ ዘመም በሚልበት ሸለቆ ነው። ድንበሩ ቅርብ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ግን የለካው የለም። "ከትልቁ የዋልነት ዛፍ ወዲያ ነው" ይባላል። ዛፉ ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ሙያው መጋዝ መሳል ነበር። እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የመጋዝ ጥርስ ሲስል ኖሮ፣ የቀኝ ጆሮውን መስማት እዚያው ትቶ ጡረታ ወጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። የሚነገረውን እስከ መጨረሻው ይሰማና "እንግዲህ" ይላል። የሚያውቁት ሰዎች ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ስለሚያውቁ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

ከዚህ ዓለም የኔ የሚለው ጠብመንጃውን ብቻ ነበር። የድሮ ጠብመንጃ ነው፤ በአፉ የሚጎርስ። ባሩዱ ተሰፍሮ በአፈሙዙ ይፈስሳል፤ ክብ የእርሳስ ጥይት በቅባት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በረጅም የእንጨት መጠቅጠቂያ ዘንግ እስከ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ዘንጉ ይወጣል። ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን ይገጨዋል። መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ቀጥሎ ተስፋ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ኬንታኪና ቴኔሲ አሥር አሥር ሰው አሰልፈው በዚህ ዓይነት ጠብመንጃ ይጋጠማሉ። ተኳሹ በሆዱ ተኝቶ፣ አፈሙዙን ግንድ ላይ አስደግፎ፣ ስልሳ ያርድ ላይ ወደቆመ ሰሌዳ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። ነጥብ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከመሀሉ ምን ያህል እንደራቀ በአንድ ክር ላይ እየተደመረ ይለካል፤ የቡድኑ ክር ተቀጣጥሎ ያጠረለት ያሸንፋል። ሽልማቱ የላም ቃጭል ነው። ለዚህ ቃጭል ሲባል ወንድማማቾች ተኮራርፈዋል፤ አንድ ሠርግም ተላልፏል።

ዶርሲ ለቴኔሲ ሠላሳ አንድ ዓመት ተኩሷል። ክሩ አጭርም ረጅምም ሆኖ አያውቅም። የቴኔሲው አለቃ ዌልደን ፕሩት፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ የተኳሾቹን ስም ሲጠራ አንዳንዴ ዘጠኝ ላይ ደርሶ "አሥረኛው ማን ነበር?" ይላል። አሥረኛው ፊቱ ቆሞ ነው።

የኬንታኪው አለቃ ደግሞ የኦሊታ ታላቅ ወንድም ክሌል ሃትሜከር ነው፤ የከሰል መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሞተር ጠፍቶም ከሞተር በላይ የሚጮህ ሰው። ኦሊታ ከዚያ ማዶ መጥታ ነው ዶርሲን ያገባችው። ያኔ እናቷ "ልጄ ከአገር ወጣች" ብለው ሦስት ቀን አለቀሱ። መንገዱ አራት ማይል ነው። እስኪሞቱ ድረስ በበዓል ገበታ ላይ ሳህን ሲያቀብሏት "አንቺ እንኳ አሁን የሰው አገር ሰው ነሽ" ይሏት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በመጋቢት አንድ ማለዳ ራሞና የምትባል መሬት ለኪ በር አንኳኳች። ለአዲስ የመብራት ምሰሶ የድንበሩን መስመር እየለካች ነው።

"ይቅርታ እማማ፣ መስመሩ አላልፍ ብሎኝ ነው" አለች ለኦሊታ። "በመኝታ ቤትዎ ባሳልፈው ቅር ይልዎታል?"

"መስመሩን?"

"አዎ። እዚያ ነው ያለው።"

ገባች፤ ለካች፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረች። መስመሩ በልብስ ሳጥኑ በኩል ይገባና አልጋውን በሰያፍ ቆርጦ በመስኮቱ ሥር ይወጣል። ወጥ ቤቱና ሳሎኑ ቴኔሲ ናቸው። መታጠቢያ ቤቱ ኬንታኪ። አልጋው የሁለቱም።

"የኔ ጎን የት ነው?" አለች ኦሊታ።

"በግድግዳው በኩል ነው የሚተኙት? እንግዲያ ሙሉ በሙሉ ኬንታኪ ነዎት።"

ኦሊታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "አርባ አንድ ዓመት ሙሉ?"

"ድንበሩ የዛሬ አይደለም እማማ።"

ኦሊታ ሳቀች። ሳቋ እንባዋን አመጣው፤ እንባዋ ደግሞ ሳቁን አስቀረው። "እማዬ አልቅሳ ሞተች እኮ!" አለች። "ለካ እንቅልፌን የምተኛው እናቴ አገር ነው!"

ዶርሲ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። የሱ ነገር ግልጽ አልነበረም። እግሩ ቴኔሲ ነው፣ ወገቡ ቴኔሲ ነው፤ ወደ ላይ ሲኬድ ግን መስመሩ ዘመም እያለ ይመጣና ትራሱን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል።

ወሬው ክሌል ዘንድ የደረሰው ገና ምሳ ሳይበላ ነው። ቦሎቄውን ትቶ መጣ። በአንድ እጁ ሜትር፣ በሌላው የውድድሩን ደንብ ይዟል። ደንቡን በ1938 የጻፉት አንድ ሰባኪ ነበሩ፤ ባሸናፊው በኩል እየተገለባበጡ የሚተኩሱ ሰዎች አስመርረዋቸው። አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "ተኳሽ የሚተኩሰው ራሱን ለሚያሳርፍበት ግዛት ነው።"

"ራሱን!" አለ ክሌል በር ላይ ቆሞ። "እግሩን አላለም! አማቼ፣ እንኳን ደህና መጣህ ወደ ኬንታኪ!"

"እንግዲህ" አለ ዶርሲ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የዌልደን መኪና ግቢ ውስጥ ገባ። ዌልደን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ መኝታ ቤት ገብቶ መስመሩን ተመለከተና፣ ሱሪውን ከፍ አድርጎ አልጋውን አንድ ክንድ ወደ ቴኔሲ ገፋው። ያ አሮጌ አልጋ እግሩ ጎማ አለው፤ የዚያ ቤት ወለል ደግሞ ያዘነበለ ነው። አልጋው ለጥቂት ጊዜ ያሰበ መስሎ ቆመና እየተንከባለለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ቤቱ ራሱ መሰከረ!" ብሎ ክሌል አጨበጨበ።

"ጡብ አምጡልኝ" አለ ዌልደን።

"ማስረጃ መነካካት ነው!"

"አንተ ራስህ ማስረጃ ላይ ተቀምጠህ የለም እንዴ!" እውነቱን ነው፤ ክሌል የዶርሲ ትራስ ላይ ተቀምጧል።

ኦሊታ በእጇ የሊጥ ማማሰያ ይዛ መጣች። ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለአራት መቶ ልጅ ስታበስል የኖረች ሴት ናት፤ ሰልፍ ማስያዝ ታውቅበታለች። "ጭቃ ጫማችሁን ይዛችሁ መኝታ ቤቴ ገባችሁ? አንተ ደግሞ ዶክተር ተብለህ! ውጡ!" ሁለቱም ወጡ፤ አንዱ በኬንታኪ መስኮት፣ አንዱ በቴኔሲ በር።

ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ የተስማሙት በሙከራ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ዶርሲ በምስክር ፊት ሊተኛ። ሦስት የወጥ ቤት ወንበር ከአልጋው ግርጌ ተደረደረ። ዌልደን በቴኔሲ በኩል፣ ክሌል በኬንታኪ በኩል ተቀመጡ። ሁለቱም የሚያምኗት ራሞና ብቻ ስለሆነች መሀል እሷ ተቀመጠች፤ ከጣሪያው ላይ ጫፉ እርሳስ የታሰረበት ክር በትራሱ መሀል ቁልቁል አንጠለጠለች።

ዶርሲ በካልሲ ተጋደመ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ተኛህ?" አለ ክሌል።

"አልተኛሁም።"

"ለምን?"

"እያየኸኝ ነው።"

"ላይህ እኮ ነው የመጣሁት!"

"ዶርሲ፣ ወንድሜ፣ ጥርስህ ሊነቀል ነው ብለህ አስብ" አለ ዌልደን። "እኔ ዘንድ ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ ነበር ዓይኑን የሚጨፍነው።"

ኦሊታ ያበላቻቸው የበቆሎ ዳቦ፣ የአሳማ ሥጋና የፖም ኬክ ግን ሥራውን ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ዌልደን አገጩን ደረቱ ላይ ጣለ። ቀጥሎ ክሌል ማንኮራፋት ጀመረ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ዶርሲ እነሱ ከተኙ በኋላ ማንም የማያየው መስሎት እፎይ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቁ ሪፖርት ያቀረበችው ራሞና ብቻ ነበረች። ከወረቀቷ አነበበች፦

"ለሃያ ደቂቃ በጀርባው ነበር። ቀኝ ጆሮው ኬንታኪ፣ ግራ ጆሮው ቴኔሲ። ከዚያ ተገላበጠ። አፍንጫው ኬንታኪ፣ ማጅራቱ ቴኔሲ።"

"አፉስ?" አለ ክሌል።

"በመስመሩ ላይ። ተናግሯልም።"

ሁለቱ አለቆች አንድ ላይ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ምን አለ?"

"'እንግዲህ' አለ።"

ሦስቱ እዚያው ተቀምጠው አስታራቂ ፍርድ ፈረዱ። ዶርሲ አሥሩን ጥይት አምስት ለቴኔሲ፣ አምስት ለኬንታኪ ይተኩስ፤ የጎደለውን አምስት አምስት በየቡድኑ ሌላ ሰው ይሙላ። ሁለቱም አለቆች ተጨባበጡ። ከዚያ በኋላ ነው ዶርሲ ክፍሉ ውስጥ እንዳልነበረ ያስተዋሉት። ወጥ ቤት ሳህን እያደራረቀ ነበር።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አለችው ኦሊታ እጇን ከውሃ ሳታወጣ።

ዶርሲ ሳህኑን አገላብጦ አየው። "ጥሩ ብተኩስ አንዱ ይሰድበኛል። መጥፎ ብተኩስ ሌላው።"

"ሁለቱም ሁለቱንም ይሉሃል" አለች። "ስለዚህ እንዳሻህ ተኩስ።"

የውድድሩ ቀን ፀሐይዋ ጥሩ፣ ነፋሱ ትንሽ ነበር። ዶርሲ የቴኔሲን ቆብ አድርጎ ከግንዱ ኋላ ተጋደመ። ምን እንደነካው እሱም አያውቅም፤ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት መቶ ሰው እሱን ብቻ ስለሚያይ ይሆናል። አምስቱም ጥይት መሀሉን እየነኩ ወጡ። አምስቱ ቀዳዳ በአንድ የሻይ ስኒ አፍ ይሸፈናል። የቴኔሲ ሰዎች ቆባቸውን ወረወሩ። ዌልደን "አሥረኛው ሰው! አሥረኛው ሰውዬ!" እያለ ዞረ፤ ስሙን ግን አሁንም አልጠራውም።

ቀጥሎ ክሌል መጥቶ የቴኔሲን ቆብ ከራሱ ላይ አነሳና የኬንታኪን ደፋበት። ቆቡ የክሌል ስለሆነ ጆሮው ላይ ወረደ። ዌልደን አጎንብሶ በለሆሳስ፣ "ዶርሲ ወንድሜ፣ እጅህ ደክሞ ቢሆን ማንም አይፈርድብህም" አለው። ክሌል ደግሞ፣ "አማቼ፣ እያየሁህ ነው" አለ፤ እሱ በለሆሳስ መናገር ስለማይችል ሁለት መቶውም ሰው ሰማ።

ዶርሲ ስድስተኛውን ተኮሰ። መሀል። ሰባተኛውን፣ መሀል። ስምንተኛውም ዘጠነኛውም እንደዚያው። ቴኔሲዎች አጉረመረሙ። "ከሃዲ!" አለ አንዱ። "ሚስቱ ናት ያስተማረችው!" አለ ሌላው። ኦሊታ ከኬክ ጠረጴዛዋ ኋላ ሆና ተናጋሪውን በዓይኗ ፈልጋ ሳህኑን ከፊቱ አነሳች።

ሌሎቹ ሁሉ ጨርሰዋል። የሁለቱ ግዛት ክር ጎን ለጎን ተዘርግቶ ሲታይ ቴኔሲ በጣም ትንሽ ይረዝማል። የዶርሲ አሥረኛ ጥይት ከመሀሉ ሦስት ጣት ካልራቀ ቃጭሉ የኬንታኪ ነው፤ ከራቀ የቴኔሲ። ሰው ሁሉ ወደ ግንዱ ተጠጋ። ዶርሲ ጠብመንጃውን ሲያጎርስ ዌልደን በግራው፣ ክሌል በቀኙ ቆመው አንድ ላይ ይጮሁበት ነበር። ባሩዱን አፈሰሰ። ጥይቱን ጠቅልሎ በዘንጉ አወረደ። ተጋደመ፤ አነጣጠረ፤ ቃታውን ሳበ።

ድምፁ ሌላ ነበር። ጠብመንጃው ትከሻውን እንደ በቅሎ ረገጠው። ከጭሱ ውስጥ አንድ ረጅም ነገር እየተሽከረከረ፣ እያፏጨ ወጣና ስልሳ ያርድ ሄዶ ሰሌዳውን ጧ! አደረገው። የተኛ ውሻ ተነስቶ ከሜዳው ወጣ።

ዶርሲ እጁን አየ። ከአፈሙዙ አጠገብ ሊኖር የሚገባው ዘንግ የለም። ተኩሶታል።

ሰሌዳው ላይ አንድ ዱላ የሚያህል ሽንቁር አለ፤ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ መሀሉን ሰንጥቆ ይወርዳል። ዘንጉ ተሰባብሮ ሣሩ ላይ ወድቋል። የጥይቱን ቀዳዳ ሊያገኝ የቻለ ሰው የለም። ክሌል ክሩን መሀሉ ላይ አደረገና፣ "ዜሮ!" አለ። ዌልደን የሽንቁሩን ጫፍ ይዞ፣ "ሰባት ኢንች!" አለ።

"ዘንግ ጥይት አይደለም!" አለ ዌልደን።

"ከአፈሙዝ የወጣ ሁሉ ጥይት ነው!"

"እንግዲያ ጭሱንም ለካው!"

"አንተ ሰው ዘንጉን እንዲረሳ ያደረግከው አንተ ነህ፤ በጆሮው ስትለፈልፍ!"

"አንተስ? አንተም ስትጮህ አልነበረም?"

"እኔማ 'ዘንጉን አውጣ!' ነበር የምለው!" አለ ክሌል፤ ድምፁ ተሰበረ። ወደ ዶርሲ ዞረ። "አማቼ፣ አልሰማኸኝም?"

"በየትኛው ጆሮዬ ነው የጮህከው?" አለ ዶርሲ።

"በቀኝህ።"

"እሱ አይሰማም።"

ክሌል አፉን በእጁ ያዘ። ጭቅጭቁ ግን አልቆመም። ደንቡ ተገለጠ፤ ስለ ዘንግ አንድ ቃል የለውም። ሰባኪው ስለ ጠጪ፣ ስለ ተሳዳቢ፣ ስለ ሟች ተኳሽ እንኳ ጽፈዋል፤ ዘንግ የሚተኩስ ሰው ይመጣል ብለው ግን አላሰቡም። አንድ ሰዓት አለፈ። ቦሎቄው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ክር ለኪ የተደረገችው ራሞና እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ "የተኮሰውን ሰው ለምን አትጠይቁትም?" አለች።

ማንም አስቦት አያውቅም ነበር።

ሁሉም ወደ ዶርሲ ዞረ። ዶርሲ የክሌልን ቆብ ከጆሮው ላይ ገፋ አደረገ። ኦሊታን አያት፤ እሷ ምንም ምልክት አልሰጠችውም። ከዚያ በሕይወቱ የተናገረውን ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

"ዘንጉን ረሳሁት። እየጮሃችሁብኝ ነበር፤ ግን የረሳሁት እኔ ነኝ። እንዲህ አድርጎ መሀል የመታ ሰው መታሁ ብሎ የሰው ዓይን ማየት አይችልም። ዘጠኙ የኔ ናቸው። አንዱንም ቴኔሲ አልተኮሰውም፤ አንዱንም ኬንታኪ አልተኮሰውም፤ እኔ ነኝ ተጋድሜ የተኮስኩት። አሥረኛው ስቷል። ስቷል ብለሽ ጻፊ ልጄ።"

ራሞና ጻፈች። ለሳተ ጥይት ስድስት ኢንች ነው የሚቆጠረው። ቴኔሲ አሸነፈች።

ዌልደን እየሮጠ መጥቶ አቀፈው። "ለአገርህ ብለህ ነው! አውቄ ነበር!"

"ልቀቀኝ" አለ ዶርሲ። ሲለቀው የሁለቱንም ግዛት ቆብ ግንዱ ላይ አኖረና ባዶ ራሱን ወደ ራሞና ሄደ። የዘጠኙን ጥይት ክር ቆርጣ ሰጠችው። ከሌባ ጣቱ ብዙም አይረዝም። ዶርሲ ቆሞ አየው። ከዚያ ጣቱ ላይ ጠምጥሞት ቀዝቃዛ ቦሎቄውን ሊበላ ተቀመጠ፤ ሁለት ሳህን በላ።

ክሌል ግን አኮረፈ። በጋውን ሙሉ እህቱን በስልክ ያናግራል፤ ዶርሲ ካነሳው ይዘጋዋል። አንዴ በገበያ ሲገናኙ ዘወር ብሎ የማይገዛውን የሕፃን ጫማ ሲመርጥ ቆየ። "እኔ ለወንድሜም ለባሌም ደብዳቤ አመላላሽ አይደለሁም" አለች ኦሊታ፤ ግን ታመላልስ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቀን ዶርሲ እንጨት ሲፈልጥ ክሌል በትከሻው ሂክሪ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ግንድ ተሸክሞ ከጫካው ወጣ። ላቡ ይንጠባጠባል። ግንዱን ጣለው።

"ላንተ ብዬ አይደለም" አለ። "ወድቆ አገኘሁት።"

ዶርሲ ጎንበስ ብሎ አየ። የመጥረቢያው ጠባሳ ገና ትኩስ ነው። "ጥሩ ወድቋል" አለ።

"ቀጥ ያለ ነው። ለዘንግ ይሆናል።"

ሁለቱ ግንዱን ሰነጠቁ፤ ከውስጡ ቀጥ ያለውን መርጠው በቢላዋ ላጉት። ከዚያ ዶርሲ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ በመዶሻ እያሳለፈ አድቦለቦለው። ክሌል አንድ ጫፉን ይዞ ነበር። ሳይናገር አንድ ሰዓት የቆየውን ክሌልን ኦሊታ ከመስኮት ስታይ ሕመም ይዞት እንደሆነ ለመጠየቅ ወጣች።

በሚቀጥለው ግንቦት ዶርሲ ለማንም አልተኮሰም። ራሞና ሌላ ከተማ ተዛውራ ስለነበር ክር ለኪ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለቱም ግዛት ያለ ክርክር የመረጠው እሱን ነው። ራሱ ላይ የፈረደ ሰው እኛ ላይ ቢፈርድ ምን ይገርማል አሉ። ዶርሲ መነጽሩን አድርጎ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ይሄዳል፤ ክሩን ይወጥራል፤ በጥፍሩ ምልክት ያደርጋል። የራሱን አሥር ጥይት የሚተኩሰው፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ፣ ብቻውን ነው።

የዚያን ዓመት የክሌል የመጨረሻ ቀዳዳ መሀሉን የነካ ይመስል ነበር። ክሌል ከኋላው መጥቶ ትከሻው ላይ ተደገፈ።

"አማቼ፣ ነክቷል አይደል?"

"አልነካም።"

"እስቲ እንደገና እየው።"

"አየሁት" አለ ዶርሲ። "ወደ ኋላ ቁም።"

ክሌል ወደ ኋላ ቆመ።